«አልበላሁም» ያለኝ ወጣትና ያልበራው ሳክሽን

ግልጹ የፕላስቲክ ጭምብል ከውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ቢጫነት ሲለወጥ፣ የማየው ነገር ምን እንደሆነ ለሁለት ሦስት ሰከንድ አልገባኝም ነበር። ጭምብሉ ለቀዶ ሕክምና በሰመመን ባስተኛሁት ታካሚ አፍና አፍንጫ ላይ ነው። በግራ እጄ አገጩን ይዤ በቀኜ የኦክስጅን ከረጢቱን እየጨመቅሁ ነበር። አላስታወከም፤ አላሳለም፤ ሆዱም አልተንቀሳቀሰም። ከጨጓራው የመጣው ፈሳሽ ሞልቶ እንደሚፈስ እንስራ ያለ ምንም ድምፅ ጉሮሮውን አልፎ ጭምብሉ ውስጥ ደረሰ። የሳክሽኑን፣ ማለትም የፈሳሽ መምጠጫ ማሽኑን፣ ቱቦ አንስቼ ጫፉን አፉ ውስጥ ከተትኩት። አይስብም።

ማሽኑ አልበራም። ከፊተኛው ቀዶ ሕክምና በኋላ ጠርሙሱ ሲቀየር ቱቦው ተነቅሎ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። ነርሷ ሮጣ ሰክታ እስክታበራው ያለፈው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ የሚበልጥ አይመስለኝም። የኦክስጅን መለኪያው ድምፅ ግን በየምቱ ቃናው እየወረደ ሄደ። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ያንን የሚወርድ ቃና በእንቅልፉም ይለየዋል። አልጋውን በራስጌ በኩል ዝቅ አደረግን፣ ልጁን በጎኑ አዞርነው፣ አፉን ጠረግን፣ ወደ አየር ቧንቧው ቱቦ አስገባሁ፣ በቱቦው ውስጥ ቀጭን መምጠጫ ሰድጄ ከሳንባው የወጣውን አየሁ። ጭምብሉ ላይ ካየሁት ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ሳንባው እንደ አስም ሕመምተኛ ያፏጭ ጀመር። ለክንድ ስብራት የገባ ወጣት ሁለት ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመሣሪያ ተነፈሰ። ዳነ። ያ የሥራ ዘመኔ ሁለተኛ ዓመት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 14 ዓመት በዚሁ ሙያ ቆይቻለሁ። ይህን የምጽፈው በዋናነት ሥራውን ገና ለሚጀምሩ የሰመመን ባለሙያዎች ነው። ነገ ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው ቢያነበውም ስለ ራሱ የሚመለከት ነገር አያጣበትም።

ያን ምሽት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ከምግብ የተከለከለበት ጊዜ፦ 10 ሰዓት» ነበር። እኔም ልጁን «በልተሃል?» ብዬ ጠይቄው «አልበላሁም» ብሎኛል። አሥር ሰዓት ከበቂ በላይ መስሎኝ እንደ ማንኛውም ቀጠሮ የተያዘለት ታካሚ አስተኛሁት። ነገሩ የተገለጠልኝ በማግስቱ እናቱን በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ በር ላይ ሳገኛቸው ነው።

«እናቴ፣ ልጅዎ መጨረሻ እህል የቀመሰው መቼ ነበር?»

«ኧረ ልጄ፣ ከወደቀ ወዲህማ እህል የሚባል በአፉ አልዞረም።»

«ከመውደቁ በፊትስ?»

«ከመውደቁ በፊትማ ምሳውን በልቶ ጠግቦ ነው የወጣው። ገና ከደጅ ሳይርቅ ነው ያ ነገር የደረሰበት።»

ከወደቀ ጀምሮ አሥር ሰዓት አልፏል። ጨጓራው ግን የሠራው አንድ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ሕመምና ድንጋጤ የጨጓራን እንቅስቃሴ ያቆማሉ። በድንገተኛ ክፍል ለሕመሙ ማስታገሻ የተሰጠው ሞርፊን ደግሞ የቀረውን እንቅስቃሴ አሰረው። ምሳው ያን ሁሉ ሰዓት እዚያው ተቀምጦ እኔን ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ጉዳት የደረሰበትን ሰው «ከበላህ ስንት ሰዓት ሆነህ?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ ብዙም አይጠቅምም። ቁም ነገሩ በመጨረሻው ምግብና በጉዳቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ አጭር ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት ቢቆጠር ጨጓራውን እንደ ሙሉ አድርጌ ነው የምይዘው።

ሰመመን ለምን ይህን አደጋ እንደሚያመጣ ላልተማረ ሰው በአጭሩ ልንገር። የምግብ ቧንቧ ከታች ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ከረጢት አፍ የሚያጠብቅ ጡንቻ አለ፤ ከላይም ጉሮሮ ላይ ሌላ አለ። ሁለቱንም አልፎ የመጣ ነገር ቢኖር ሰው ያስላል፣ ይውጣል፣ ይተፋል። የሰመመን መድኃኒት ጡንቻዎቹን ያላላል፤ ሳሉንና መዋጡንም ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ከጨጓራ ወደ ጉሮሮ የሚመጣውን የሚያስቆም የለም፤ ከጉሮሮ ወደ አየር ቧንቧ የሚወስደው መንገድም ክፍት ነው። ማስታወክ ጩኸት አለው፣ የሆድ ጡንቻ ይሠራበታል፣ ይታያል። እኔ ያየሁት ዓይነት ዝም ብሎ የሚፈስ ግን ጭምብሉ ግልጽ ባይሆን ኖሮ ጨርሶ አላየውም ነበር። ጥቁር የጎማ ጭምብል ዛሬም የሚጠቀም ካለ ለዚህ ሲል ይለውጠው።

ሳንባ ውስጥ የገባው ነገር የሚያደርሰው ጉዳት እንደ ዓይነቱ ይለያያል። በ1946 ኩርቲስ ሜንደልሰን የተባለ አሜሪካዊ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም፣ በኒው ዮርክ አንድ የማዋለጃ ሆስፒታል ከተመዘገቡ 44,016 እርግዝናዎች መካከል በሰመመን ጊዜ የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባቸው የገባባቸውን 66 እናቶች ታሪክ አሳተመ። ሁለቱ ሞተዋል፤ ሁለቱም በጠጣር ምግብ ታፍነው። ፈሳሽ የገባባቸው ግን እንደ አስም ያለ ማፏጨትና የትንፋሽ ማጠር ነበር የታየባቸው። ሜንደልሰን ነገሩን ጥንቸሎች ላይ ሞክሮ ጉዳቱን የሚያደርሰው አሲዱ እንደሆነ፣ አሲድነቱ ከተወገደ ፈሳሹ ከውኃ እምብዛም እንደማይለይ አሳየ። ዛሬ እናትን ለቀዶ ማዋለድ ከማስተኛታችን በፊት አሲዱን የሚያዳክም 30 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሲትሬት የምናጠጣት ከዚያ በመነጨ እውቀት ነው። የሚጎመዝዝ ነገር ነውና ስትጠጣው ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ይቅርታ ጠይቄ አጠጣታለሁ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ የተለወጥኩት እዚያ ላይ ነውና። «በልተዋል?» የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼዋለሁ። ሰው «መብላት» ሲባል የሚታየው ማዕድ ቀርቦ መቀመጥ ነው። ቁራሽ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ማስቲካ፣ ሻይ በወተት «መብላት» አይባሉለትም፤ ውሸት እየተናገረ አይደለም። አሁን የምለው «ወደ አፍዎ የገባው የመጨረሻው ነገር ምንድን ነው? ፈሳሽም ቢሆን፣ መድኃኒትም ቢሆን» ነው። አንዲት ሴት ለሦስት ሰው «ምንም አልቀመስኩም» ብላ መጥታ፣ እኔ በዚህ መንገድ ስጠይቃት «የደም ግፊት ክኒኔን ብቻ» አለችኝ። በምን እንደዋጠችው ጠየቅኋት። «ባዶ ሆዴን እንዳይጎዳኝ በአንድ ኩባያ ወተት።» ከጠጣችው ገና ሁለት ሰዓት አልሞላትም። ወተት ጨጓራ ውስጥ ስለሚረጋ ከጠጣር ምግብ ጋር ነው የሚቆጠረው። ቀዶ ሕክምናዋን ወደ ከሰዓት አዛወርነው፤ እሷም ተቆጣች፣ ሐኪሙም ተቆጣ፣ እኔም ምሳዬን በሰላም በላሁ።

ቀጥሎ የምጠይቀው ስለ ጨጓራው ጠባይ ነው። ቃር ያቃጥልዎታል? ጎንበስ ሲሉ ወይም ሲተኙ የበሉት ወደ አፍዎ ይመለሳል? በስንት ትራስ ነው የሚተኙት? ሆድዎ ተነፍቷል? ከትናንት ወዲህ አስታውከዋል? ስኳር በሽታ ካለ ስንት ዓመት ሆነው? ለዓመታት የቆየ ስኳር የጨጓራን ነርቮች ጎድቶ እንቅስቃሴውን ያዘገየዋልና። እርግዝናዋ የገፋ እናት ደግሞ ምንም ብትመልስ ለእኔ ሙሉ ጨጓራ ያላት ናት፤ ሆርሞኑ ያንን የማጠበቂያ ጡንቻ ያላላዋል፣ ማህፀኑ ጨጓራውን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ምጥ ሲጨመርበት ጨጓራው መሥራቱን ያቆማል።

በቅርብ ዓመታት አንድ አዲስ ጥያቄ ጨምሬያለሁ። ለስኳርና ክብደት ለመቀነስ የሚወሰዱ ሴማግሉታይድን የመሰሉ መርፌዎች የጨጓራን ሥራ ያዘገያሉ። በ2023 የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደው ከቀዶ ሕክምናው አንድ ሳምንት አስቀድሞ እንዲቆም መክሮ ነበር። በ2024 ከሌሎች ማኅበራት ጋር ሆኖ ባወጣው ምክር ደግሞ ብዙዎቹ መውሰዳቸውን መቀጠል እንደሚችሉ፣ ይበልጥ የሚያሰጉት ግን ለ24 ሰዓት ፈሳሽ ብቻ እየወሰዱ እንዲቆዩ ገለጸ። ለታካሚ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ክብደት መቀነሻ መርፌ መውሰድ የሚያሳፍር ነገር አይደለምና አይደብቁን። ሰው ክኒኑን ሁሉ ቆጥሮ ሲነግረኝ ይህችን መርፌ ግን «መድኃኒት አይደለችም» ብሎ ይተዋታል።

ጨጓራው ጤናማ ለሆነና ቀጠሮ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሰዓቶቹ የታወቁ ናቸው። ውኃና እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ እስከ 2 ሰዓት፣ የእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ሌላ ወተትና ቀለል ያለ ምግብ 6 ሰዓት፣ ቅባትና ሥጋ ያለበት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውኃም እንዳይቀምሱ» የሚለው የቆየ ትእዛዝ እስካሁን በብዙ ቦታ ይነገራል፤ እኔ ግን አልወደውም። ከሰዓት በኋላ ተራው የሚደርሰው ሰው 15 ሰዓት ያህል ተጠምቶ ሲመጣ ጨጓራው ከዚያ የተነሣ ይበልጥ ባዶ አይሆንም። ራሱን ያመዋል፣ ደም ሥሩ ይጠፋል፣ ሕፃን ከሆነማ ለቅሶው ክፍሉን ይሞላዋል። ጥማቱ የጠናበት ሰው ደግሞ ተደብቆ ይጠጣል፤ የጠጣውን አይነግረኝም።

በጥርጣሬ ውስጥ ስሆን ዛሬ አልትራሳውንድ አለ። ታካሚውን በቀኝ ጎኑ አስተኝቼ መሣሪያውን ከደረት አጥንቱ በታች ሆዱ ላይ አሳርፋለሁ። ባዶ ጨጓራ ተጣብቆ እንደ ዓይን ብሌን ትንሽ ክብ ሆኖ ይታያል፤ ጠጣር ምግብ ያለበት ደግሞ ደመናማ ነገር ሞልቶት ተወጥሮ ይታያል። ጥቁር ፈሳሽ ብቻ ከታየ ስፋቱን ለክቶ መጠኑን ማስላት ይቻላል። በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ1.5 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ባዶ ነው አልልም። መሣሪያው በሌለበት ወይም ምስሉ ግልጽ ባልሆነበት ሙሉ ነው ብሎ ማሰብ ነው፤ በዚህ የተጸጸተ ሰው አላየሁም።

አንድ ነገር ዘግይቶ ነው የታየኝ። ያ ወጣት የተሰበረው ክንዱ ነው። ከአንገትጌ አጥንቱ አካባቢ ወይም በብብቱ በኩል ነርቮቹን አደንዝዤ፣ ነቅቶ ሊታከም ይችል ነበር። የነቃ ሰው ጉሮሮውን ራሱ ይጠብቃል። ሙሉ ጨጓራ ያለበትን ሰው ማስተኛት ግድ መሆኑን ከማመኔ በፊት ሁልጊዜ አሁን ይህን አስባለሁ። በአከርካሪ የሚሰጠው ማደንዘዣም እንዲሁ ነው፤ ለቀዶ ማዋለድ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነገር ግን ነርቭ አደንዝዞ «እንዳይጨነቅ» እያሉ የሚያስተኛ መድኃኒት መደራረብ ያዳኑትን ጉሮሮ መልሶ መሸጥ ነው።

ማስተኛቱ ግድ ሲሆን ደግሞ ዝግጅቱ ነው ሥራው። ሳክሽኑን ራሴ አበራለሁ፤ ሌላ ሰው «በርቷል» ቢለኝም ጫፉን መዳፌ ላይ አድርጌ ቆዳዬን ሲስብ ካልተሰማኝ አላምንም። ከዚያ ከታካሚው ትራስ ሥር በቀኝ በኩል እሸጉጠዋለሁ፣ እየሰራ። ድምፁ ያስቸግራል የሚሉ አሉ። ያስቸግር። ሁለተኛ ሳክሽን ካለ ደግሞ ይምጣ፤ ጠጣር ምግብ አንዱን ይደፍነዋል። አልጋው በአንድ እጅ ወዲያው ራስጌው የሚወርድ መሆኑን እሞክራለሁ። ሁለት ላሪንጎስኮፕ (ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳይ መሣሪያ)፣ መብራታቸው የተፈተሸ፤ ቱቦው ውስጥ ማቅኛ ሽቦ የገባለት፣ ጫፉ ላይ ያለው የአየር ቧንቧን የሚዘጋ ፊኛ የተሞከረ፤ አንድ ቁጥር የሚያንስ ሌላ ቱቦ አጠገቡ።

አንጀቱ የተዘጋ ሰው ከሆነ በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ ሳይገባለት አላስተኛም። ቱቦው ቀድሞ ገብቶ ከሆነም ከማስተኛቴ በፊት ራሴ በሲሪንጅ እስባለሁ። ጨጓራውን ሙሉ በሙሉ አያደርቀውም፣ ግፊቱን ግን ያወርደዋል። በዚህ ሁኔታ ጨጓራና አንጀትን የሚያንቀሳቅሰውን ሜቶክሎፕራሚድ አልሰጥም፤ መውጫ የሌለውን አንጀት ማስጨነቅ ነው የሚሆነው።

ቀጥሎ ኦክስጅን። ራስጌውን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ከፍ አድርጌ፣ ጭምብሉን ፊቱ ላይ በደንብ አጣብቄ ለሦስት ደቂቃ በተለመደው ትንፋሹ ንጹሕ ኦክስጅን እሰጠዋለሁ። ጊዜ ከሌለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስምንት ጥልቅ ትንፋሽ። ሲተነፍስ በሚያወጣው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 90 በመቶ እስኪደርስ መጠበቅ ደቂቃ ከመቁጠር ይሻላል። ይህ ትዕግሥት በኋላ የሚገዛው ጊዜ ነው፤ መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ከረጢት ሳልጨምቅ፣ ማለትም አየር ወደ ጨጓራው ሳልገፋ፣ ቱቦውን ለማስገባት የሚበቃኝ። ሕፃንና ነፍሰ ጡር ግን ኦክስጅናቸው ቶሎ ስለሚያልቅ ቀስ ብሎ በትንሽ ግፊት ማናፈስ ነውር አይደለም። ሳይናፈስ የሚሞት ሰው ሳንባው ንጹሕ ስለሆነ አያመሰግነንም።

አሁን ስለ ክሪኮይድ ልናገር፤ በዚህ ጉዳይ የማይጨቃጨቅ የሙያ ጓደኛ የለኝም። ክሪኮይድ ከማንቁርት በታች ያለ፣ ዙሪያውን ሙሉ ቀለበት የሆነ ለጋ አጥንት ነው። በ1961 ብራያን ሴሊክ የተባለ የለንደን የሰመመን ሐኪም ይህን ቀለበት ወደ ኋላ በመጫን ከኋላው ያለውን የምግብ ቧንቧ ከአከርካሪው ጋር አጣብቆ መዝጋት እንደሚቻል ጻፈ። የሞከረው በ26 ሰዎች ላይ ነበር። በሦስቱ፣ ቱቦው ገብቶ ግፊቱ ሲለቀቅ ወዲያው የጨጓራው ይዘት ወደ ላይ መጣ፤ ግፊቱ ይዞት ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዘዴው በዓለም ዙሪያ እንደ ሕግ ተያዘ። በ2019 በፈረንሳይ በ3,472 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። ለግማሹ እውነተኛ ግፊት፣ ለግማሹ የማስመሰል ግፊት ተደረገ። ወደ ሳንባ የገባባቸው በእውነተኛው 10፣ በማስመሰሉ 9 ሆኑ፤ ቱቦ ማስገባቱ ደግሞ በእውነተኛው ግፊት ጊዜ ይበልጥ አስቸጋሪ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ጥናቱ «ግፊቱ አያስፈልግም» ብሎ ለመደምደም የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ጭቅጭቁም በዚያው ቀጠለ።

እኔ አሁንም አደርገዋለሁ፣ ግን ሁለት ነገር አጥብቄ። አንደኛ፣ የሚጫነው ሰው ምን እየተጫነ እንደሆነ ይወቅ። ማንቁርቱን የሚጫኑ፣ በጎን የሚገፉ፣ ጭራሽ ጣታቸውን አስቀምጠው ሌላ ቦታ የሚያዩ ረዳቶች አጋጥመውኛል። የሚፈለገው ኃይል ታካሚው ነቅቶ ሳለ 10 ኒውተን፣ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ 30 ኒውተን ነው። ኒውተን ለብዙ ሰው ምንም አይነግረውም፤ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሚዛን አምጥቼ «በሦስት ጣትህ አንድ ኪሎ አሳየኝ፤ አሁን ሦስት ኪሎ፤ ዓይንህን ጨፍንና ድገመው» እላለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው ሁሉ ይሳሳታል። አንድ ጎበዝ ተማሪ ስድስት ኪሎ ተጭኖ «ሦስት ሆነ?» አለኝ። ስድስት ኪሎ የአየር ቧንቧን ራሱን ያጣምማል። ሁለተኛ፣ ቱቦውን ማስገባት ካስቸገረኝ ወይም ማናፈስ ካቃተኝ «ልቀቅ» እላለሁ፣ ሳክሽኑን ይዤ። ታካሚው በጡንቻው ማስታወክ ከጀመረም ወዲያው ይለቀቃል፤ የተዘጋ የምግብ ቧንቧ በዚያ ኃይል ሊቀደድ ይችላል። ከዚህ ውጭ ግን እኔ «ልቀቅ» ሳልል ማንም አይለቅም። ቱቦው መግባቱ ብቻ አይበቃም። ፊኛው ተነፍቶ፣ ታካሚው የሚያወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማዕበል ማያው ላይ ታይቶ፣ ሁለቱም ሳንባ ተደምጦ ነው የሚለቀቀው። ይህን ታካሚው ሳይተኛ በፊት ከረዳቱ ጋር በቃል እንነጋገራለን።

መድኃኒቱን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ መጠኑን መጽሐፉ ይነግራችኋል። ጡንቻ ማላያው ሱክሲኒልኮሊን በኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም፣ ወይም ሮኩሮኒየም ከ1 እስከ 1.2 ሚሊ ግራም። የምጨምረው አንድ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ፈርቶ ማሳነስ። የታካሚው ሁኔታ ያስፈራንና የሚያስተኛውንና ጡንቻ ማላያውን እንቀንሳለን፣ ወይም ሳይሠራ ቸኩለን ላሪንጎስኮፑን እናስገባለን። በግማሽ የተኛ ሰው ሲነካ ያስላል፣ ይታገላል፣ ሆዱን ይጨምቃል፤ ያን ጊዜ የጨጓራው ይዘት በግፊት ይመጣል። የደም ግፊቱ መውረድ የሚያሰጋ ከሆነ የሚያስተኛውን መቀነስ ይቻላል፤ ጡንቻ ማላያው ግን ሙሉ ይሁን።

ከሁሉ በኋላም ቢሆን ሊመጣ ይችላል። በ1993 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በ215,488 ሰመመኖች ውስጥ በአማካይ ከ3,216 አንድ፣ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ከ895 አንድ ጊዜ እንዳጋጠመ አግኝቷል። ሲመጣ ራስጌው ይወርዳል፣ ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል፣ አፉ ይጠረጋል፣ ቱቦ ይገባል፤ ኦክስጅኑ የሚያስጠብቅ ከሆነ በከረጢት ከመግፋት በፊት የአየር ቧንቧው ይመጠጣል። ከዚያ ሙሉ ኦክስጅን። ሳንባን በፈሳሽ ማጠብ አሲዱን የበለጠ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ አይደረግም። ጠጣር ቁራጭ ከገባ ግን የአየር ቧንቧን ውስጡን በሚያሳየው ብሮንኮስኮፕ ይወጣል። ስቴሮይድና አንቲባዮቲክ «ለማንኛውም» ተብሎ መስጠት ጥቅሙ አልታየም፤ ከተዘጋ አንጀት የመጣ ቆሻሻ ሲሆን ጉዳዩ ይለያል። ያው ጥናት አንድ የሚያጽናና ነገርም ነግሮናል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሳል፣ ማፏጨት ወይም የኦክስጅን መቀነስ ያልታየባቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ የሳንባ ችግር አልገጠማቸውም። ስለዚህ ሁለት ሰዓት አጠገቡ ሆኖ ማየት ብዙ ይናገራል። የሆነውንም ጽፎ ለታካሚውና ለቤተሰቡ መንገር ነው። እኔ ለዚያ ወጣት እናት ሳክሽኑ እንዳልበራ ነግሬያቸዋለሁ። ቀላል አልነበረም።

ብዙዎች የሚረሱት ማንቂያውን ነው። ቱቦውን በሰላም አስገብቶ፣ ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ግን ሰው በደከመበት ሰዓት ቸኩሎ ማውጣት። ሲተኛ ሙሉ የነበረው ጨጓራ ሲነቃም ሙሉ ነው። ጡንቻ ማላያው መውጣቱን በመሣሪያ አረጋግጬ፣ ጨጓራውን እንደገና መጥጬ፣ ሳክሽኑን ከትራሱ ሥር መልሼ፣ ዓይኑን ከፍቶ «እጄን ጨብጠኝ» ስለው እስኪጨብጥ ቱቦው አይወጣም።

ባለፈው ጊዜ አንጀታቸው የተቋጠረባቸው አንድ አዛውንት መጡ። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ለሦስት ቀን ምንም እንዳልቀመሱ ነገሩኝ፤ እውነታቸውን ነው። ከማስተኛቴ በፊት በአፍንጫቸው ከገባው ቱቦ አረንጓዴ ፈሳሽ ጠርሙሱን ሞላው፤ ሁለተኛ ጠርሙስ አመጣን፤ እሱም ግማሽ ደረሰ። ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ነው። ረዳቴ የሆነችው ልጅ፣ ሚዛኑ ላይ ስትለማመድ የከረመች፣ ሦስት ጣቷን አንገታቸው ላይ አሳርፋ ዓይኔን ታይ ነበር። ቱቦው ገባ፣ ፊኛው ተነፋ፣ ማዕበሉ ማያው ላይ ታየ። «ልቀቂ» አልኳት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲነቁ እጄን ጨበጡ፣ ጭንቅላታቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ፣ ቱቦውን አወጣሁላቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንድ ቃል ተናገሩ።

«ውኃ» አሉኝ።

«ገና ነው አባቴ» አልኳቸው፣ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩ።